ሂውማን ሄሬ ተቋጠረብኝ፤ እቤት እንዴት ነው የምትይዙት?

ቤዛ፣ አያት

እህቶቼ ሰላም ናችሁ? የምታውቁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ፣ ጨንቆኛል።

ባለፈው ዓመት ለታላቅ እህቴ ሰርግ ብዬ ብር አጠራቅሜ ባለ 20 ኢንች ሂውማን ሄር፣ ከእውነተኛ የሰው ፀጉር የተሠራውን፣ ገዛሁ። ሞገድ ያለው ነው። ከፊት ክሎዠር (ፀጉሩ የተቋጠረበት ስስ መረብ) አለው፣ ዊግ ሆኖ ነው የተሰፋልኝ። የሰርጉ ቀን ያየኝ ሁሉ "የራስሽ ነው?" ነበር የሚለኝ። ከዚያ በኋላ ሳስቼለት ከሰርግና ከበዓል ውጪ አድርጌው አላውቅም።

እስካሁን ያጠብኩት 3 ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ደረቅ አለ። ሦስተኛው ግን ጉድ ሠራኝ። ሳፋ ውስጥ ሻምፖ በጥብጬ ዘፈዘፍኩት። እንደ ራሴ ፀጉር በሁለት እጄ አሸሁት፣ ከዚያ ጠምዝዤ ጨመቅኩት። ሹሩባ ስንሠራ የዊጉን ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ እንነክር የለ? ይሄም እንደዛ ያምርለታል ብዬ ጫፉን ከማንቆርቆሪያ የወረደ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ሲደርቅ ጫፉ ገለባ ሆነ። ማጅራቱ ጋ ያለው ደግሞ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ እንቁላል የሚያክል ቋጠሮ ሠርቷል። ጣቴ አያልፍም። ሚዶ ሳስገባበት ቀጭ ቀጭ እያለ ይበጠሳል።

ጥር ላይ የራሴ ሰርግ ነው። ሌላ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ይድናል ወይስ ተስፋ ልቁረጥ? ወደፊትስ እንዴት ነው የሚያዘው? የምታውቁትን ሁሉ ጻፉልኝ።

ሜሪ፣ ጎፋ

ቤዚ እንኳን ደስ አለሽ! ፀጉሩ ግን ያሳዝናል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ስትገዢው በጣም ያብረቀርቅ ነበር? የኔ ሱቅ ውስጥ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ያ ሁሉ ሄደና እርስ በርሱ መያያዝ ጀመረ። የሸጠችልኝን ልጅ በቴሌግራም ብጠይቃት ብሎክ አደረገችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ብሩ ቀላል አልነበረም።

ቤዛ፣ አያት

አይ ሜሪዬ፣ ያን ያህል አያበራም ነበር። የመጀመሪያው እጥበት ላይ ውሃው ትንሽ ጠቆር አለ፣ ከዚያ ቆመ።

እትዬ ፋንቱ፣ 22 ማዞሪያ

ቤዛዬ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አትደንግጪ ልጄ። ፀጉር ቤት ከገባሁ 17 ዓመቴ ነው፣ ከዚህ የባሰ ሲመለስ አይቻለሁ። ፈላ ውሃ የነካው ጫፍ አይመለስም፣ እሱ ይቆረጣል። ቋጠሮው ግን ይፈታል።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርሽ። የፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፣ በዓይን አይታይም እንጂ። ቅርፊቱ ከሥር ወደ ጫፍ ነው የሚተኛው። በጣም የሞቀ ውሃ፣ ጠንካራ ሳሙናና ማሸት ያስነሱታል። የተነሣው ቅርፊት ጎኑ ያለውን ፀጉር ይይዛል። ቋጠሮ የምትይው እሱን ነው። የሹሩባው ዊግ ግን ፀጉር አይደለም፣ ላስቲክ ነው። ፈላ ውሃ ጫፉን ይቆልፍለታል። የሰው ፀጉር ላይ ይሄ አይሠራም።

ጥሩው ሂውማን ሄር ሬሚ የሚባለው ነው። ሥሩ በሥር፣ ጫፉ በጫፍ ሆኖ የተሰበሰበ ማለት ነው። ከወለል የተጠረገና ከሚዶ የተለቀመ ፀጉር ሥርና ጫፉ ተቀላቅሏል። ፋብሪካው የዚያን ቅርፊት በአሲድ ገፎ ያወጣና በሲሊኮን ይሸፍነዋል። ሜሪዬ፣ ያንቺ እንደ መስታወት ያበራው ሲሊኮኑ ነው። እሱ ታጥቦ ሲሄድ ፀጉሩም አብሮ ያልቃል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የቤዛ ግን በአያያዝ የተጎዳ እንጂ መጥፎ ፀጉር አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ እንዲገባችሁ የምፈልገው ግን ወዙን ነው። የራሳችን ፀጉር በየቀኑ ከራስ ቆዳችን ወዝ ያገኛል። ይሄ ከሥሩ ተቆርጧል፣ ምንም የሚመጣለት ነገር የለም። ባጠባችሁት ቁጥር ያለችውን ታወጡበታላችሁ። ስለዚህ የወጣውን በእጃችሁ መመለስ አለባችሁ። "ሻምፖ ይበቃዋል" የምትሉ ልጆች ታሳዝኑኛላችሁ። ኮንዲሽነር ለዚህ ፀጉር ምግቡ ነው።

አሁን ወደ ቋጠሮው። ደረቁን አትታገዪው። ጊዜ ያለሽ ቀን ምረጪ። ያልተያያዘውን ለይተሽ በክሊፕ ያዢ። ቋጠሮው ላይ ውሃ ርጪበትና ወፈር ያለ ኮንዲሽነር ጠጥቶ እስኪንጠባጠብ አልብሺው። 20 ደቂቃ ተይው። ከዚያ ሚዶ ሳይሆን ጣት። ቋጠሮውን ከታች፣ ከጫፉ በኩል፣ ግራና ቀኝ ቀስ እያልሽ ክፈቺው። ቁልቁል አትሳቢ። ትንሽ ሲላላ ጥርሱ ሰፊ የሆነ ሚዶ አምጪ። ከጫፍ ጀምረሽ እየሠራሽ ወደ ላይ ውጪ። በሌላው እጅሽ ከሚዶው በላይ ያለውን ፀጉር ጨብጠሽ ያዢ፣ አለበለዚያ ጉተታው ስፌቱ ጋ ይደርስና ከሥሩ ይነቀላል። ኮንዲሽነሩ ሲደርቅብሽ ጨምሪ። አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊፈጅብሽ ይችላል። መቀስ የመጨረሻው ነው።

ከተፈታ በኋላ እጠቢው። ውሃው የሕፃን ገላ የምታጥቢበት ዓይነት ለብ ያለ ይሁን። ሻምፖውን ጆግ ውስጥ በጥብጠሽ ከላይ ወደ ታች አፍስሺ፣ በጣቶችሽ መሃል ቁልቁል አሳልፊው። ሳፋ ውስጥ አታሽከርክሪው። ላርጎም ኦሞም ለዕቃና ለልብስ ነው፣ አታስጠጊው። ኮንዲሽነሩን ከመሃል ወደ ጫፍ ቀቢና 10 ደቂቃ ተይው። ክሎዠሩ ላይ ግን እንዳይደርስ። እዚያ እያንዳንዷ ፀጉር በእጅ የተቋጠረች ናት። ኮንዲሽነርና ዘይት ቋጠሮዋን ያላሉትና ፀጉሩ መርገፍ ይጀምራል። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅልቂው። በፎጣ ወይም በአሮጌ ቲሸርት ጫን ጫን እያደረግሽ ውሃውን አውጪ። እንዳትጠመዝዢው! ፀሐይ የማይመታው ቦታ ሰቅለሽ ራሱ ይድረቅ። ገና ትንሽ እርጥብ እያለ ሁለት ጠብታ ሴረም እጅሽ ላይ አሽተሽ ጫፍ ጫፉን ንኪው፣ በቃ።

ስንት ጊዜ ይታጠብ ላላችሁ፣ እንደ አለባበሳችሁ ነው። በየቀኑ የምታደርጉ በ2 ሳምንት አንዴ። እንደ ቤዛ ለበዓል ብቻ ከሆነ 8 ወይም 10 ጊዜ ከተደረገ በኋላ።

ሀና፣ ሪያድ

እትዬ ፋንቱ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን የሚነግረን አልነበረም። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ያስቸገረኝ ውሃው ነው። በበጋ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ስከፍት የሚወርደው የሚያቃጥል ነው። ዘዴ ያገኘሁት በቅርብ ነው። ማታ ሁለት ጆግ ውሃ ፍሪጅ አስገባለሁ። አንዱን ከቧንቧው ጋር ቀላቅዬ ለማጠቢያ ለብ አደርገዋለሁ። ሌላው ለመጨረሻው መለቅለቂያ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ሻሹ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀጉሬ ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ማታ ሳወልቅ ማጅራቱ ጋ ሁልጊዜ ይጠላለፍ ነበር። አሁን ከሻሹ ሥር ሳቲን ኮፍያ አደርጋለሁ፣ ፀጉሩንም ሁለት ላላ ያለ ጉንጉን አድርጌ ነው የምሸፍነው። ከዚያ ወዲህ ተቋጥሮብኝ አያውቅም።

ለእህቴም አንድ ገዝቼ ወደ አገር ቤት ሰው ይዞላት ሄዷል። የእትዬ ፋንቱን ምክር አሁን በድምፅ እያነበብኩ በኢሞ ልልክላት ነው።

ትዕግስት፣ ጀሞ

እኔስ? የኔ ዊግ አይደለም። ሹሩባ ተሠርቶ ላዩ ላይ የተሰፋ ነው። 2 ወር ከ10 ቀን ሆነው። ስላማረብኝ ማስፈታቱ አሳሳኝ። ግን ያሳክከኛል። ስታጠብ ደግሞ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ዓይነት ሽታ አለው። ቡና ካፈላሁ ወይ ቁሌት ካቁላላሁማ ለሦስት ቀን ከኔ ጋር ነው።

እትዬ ፋንቱ፣ 22 ማዞሪያ

ትዕግስትዬ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ አስፈቺው። የተሰፋ 6 ሳምንት ነው፣ ግፋ ቢል 8። ከዚያ በላይ የራስሽ ፀጉር ከሥር እያደገ ሹሩባው ይላላል፣ ክብደቱ ሁሉ በቀጭን ፀጉር ላይ ይንጠለጠላል።

ሽታው ሥሩ ስለማይደርቅ ነው። ላዩን ነክተሽ ደርቋል ትያለሽ፣ ሹሩባው ግን ውስጡ እንደራሰ ነው። እርጥበት ተዘግቶበት ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል። የሚያሳክክሽም እሱ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ስታሰፊ እንዲህ አርጊ። ሻምፖውን በውሃ አቅጥነሽ አፉ ቀጭን በሆነ ጠርሙስ በሹሩባው መስመሮች መሃል አፍስሺ። በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ ጫን ጫን አርጊው። አረፋው እስኪያልቅ አጥሪ። ከዚያ ካስክ ውስጥ ግቢ። ቤት ከሆንሽ ፎኑን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርገሽ የፀጉሩን መስመር እየገለጥሽ ሥር ሥሩን ምቺው። እኔ ደንበኞቼን 45 ደቂቃ ሳልሞላላቸው አልለቅም። በእርጥብ ፀጉር መተኛት በጭራሽ!

ስታስፈቺ በእፍኝ የሚወጣ ፀጉር አይተሽ እንዳትጮሂ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። የሁለት ወሩ ሹሩባው ውስጥ ተይዞ ቆይቶ ነው አንዴ የሚወጣው።

ቡናና ወጥ ስትሠሪ ደግሞ ሻሽ እሰሪ። ፀጉር ጭስ ይጠጣል። ዊግ ያላችሁማ አውልቃችሁ ሌላ ክፍል አስቀምጡት፣ ከሰል አጠገብ ምን ያደርጋል?

ዮናስ፣ ሀዋሳ

እህቶቼ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወልዳ አራስ ናት። ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው፣ 12 ቀን ቀርቶናል። ፀጉሯ እንደ ወጉ ቅቤ ተቀብቷል። ባለፈው ጠያቂ ሲመጣ ድንገት ስለሆነባት ዊጓን ጣል አደረገች። አሁን ዊጉ ውስጡ ቅቤ ነክቶታል፣ ክሎዠሩ ላይ ቢጫ ነገር ይታያል፣ ሽታውም አለ። ለክርስትናው ልታደርገው ስለምትፈልግ ነገሩ አሳስቧታል። እሷ አራስ ቤት ሆና ውሃ እንዳትነካ ብዬ እኔ ላጥብላት ነው። እንዳላበላሽባት ግን ፈራሁ። እትዬ ፋንቱ፣ ምን ይሉኛል?

እትዬ ፋንቱ፣ 22 ማዞሪያ

እንኳን ማርያም ማረችልህ! ልጁን ያሳድግልህ። ዓይንህ እያየ የምትሠራው ነገር ነው፣ አትፍራ።

ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል፣ ስለዚህ ውሃህ ከሌሎቹ ትንሽ ሞቅ ይበል። የሚያቃጥል ግን አይሁን። ከመንካትህ በፊት በሶፍት ውስጡን ተጫነው፣ የሚወጣው ቅቤ ይውጣ። ፀጉሩን ደረቁን ከጫፍ ወደ ላይ አበጥረው። ዊጉን ወደ ውስጥ ገልብጠው። ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ አዘጋጅ። ትንሽ ሻምፖ ጠብ አድርግበትና ክሎዠሩን ከውስጥ በኩል ቀስ ብለህ አንኳኳው፣ አትፈግፍገው። አጥራው። ድገመው። ሁለቴ ሲሆን ቅቤው ይለቃል። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰህ ፀጉሩን ለቤዛ እንዳልኳት እጠበው፣ ኮንዲሽነሩ ከመሃል ወደ ጫፍ ብቻ።

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ አቁም። አናቱ ላይ ፎጣ ጠቅልልበትና ዊጉን አልብሰው፣ ቅርፁን እንደያዘ ይደርቃል። ለክርስትናው ዋዜማ አታቆየው። ከ4 ቀን በፊት እጠበው፣ ካልተዋጣልህ ለመድገም ጊዜ ይኖርሃል። ወደፊት ደግሞ ቅቤ ተቀብታ እያለች ዊግ አታድርግ። ጠያቂ ሲመጣ ሻሽ ያምርባታል፣ የአራስ ወጓም እሱ ነው።

ዮናስ፣ ሀዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። ብሩሹን አሁን ልገዛ ነው።

ሊያ፣ ሳሪስ

እኔ ከኮንዲሽነር ይልቅ የልብስ ማለስለሻ ነው የምጠቀመው። ሐር ነው የሚያደርገው። ዋጋውም ይሻላል። ሁላችሁም ሞክሩት።

መምህርት ሰላም፣ መቀሌ

ሊያዬ፣ እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁና ስለ እሱ ትንሽ ልበል። የሚያለሰልስልሽ እውነት ነው። ማለስለሻውም ኮንዲሽነሩም ውስጥ ያለው ዋና ነገር ይቀራረባል። የተጎዳ ፀጉር ላዩ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ እነሱ ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይለጠፉበታል። ልዩነቱ የልብሱ ለቆዳ ታስቦ አለመሠራቱ ነው። ሽቶው ብዙ ነው፣ ግንባርና ማጅራት ላይ ሲቀመጥ የሚያሳብጣቸው ሰዎች አሉ። የላስቲክ ዊግ ነክራችሁ በደንብ ብታጠሩት አልከራከርም። ራሳችሁ ላይ ለተሰፋ ፀጉር ግን እባካችሁ አታድርጉት።

ሌላ የምጨምረው የውሃ ነገር ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ካልሲየም አለው። ያ ፀጉሩም ላይ ይጋገራል፣ ደረቅና ሻካራ ያደርገዋል። በወር አንዴ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምራችሁ ከሻምፖ በኋላ ለቅልቁት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አጥሩት። አቼቶ አሲድነት ስላለው የተጋገረውን ያለቅቃል፣ ቅርፊቱንም ያስተኛዋል።

ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ) የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። እርጥብ ፀጉር ላይ አታስነኩ! ችስስ የሚል ድምፅ ስትሰሙ ፀጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ አረፋ አረፋ አድርጎ ይቦረቡረዋል። እዚያ ጋ ይሰበራል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ሙቀት መከላከያ ቀብታችሁ፣ ከ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳታልፉ፣ አንድ ቦታ አንዴ ብቻ አሳልፉ። የተቀለመ ወይም ብሎንድ ከሆነ 150 ይበቃል።

ሊያ፣ ሳሪስ

ስለ ሽቶው እውነት ነው ቲቸር፣ ግንባሬ ላይ ሽፍታ ወጥቶብኝ ከምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። አቆማለሁ።

ራሄል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ሰላም ከወዲህ። የኔ በቴፕ የሚለጠፈው ዓይነት ነው። ለሱ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላ 48 ሰዓት ውሃ አለማስነካት፣ ዘይትና ኮንዲሽነር ቴፑ ጋ አለማድረስ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሥሬን በዘይት አሸሁና በሳምንቱ አራቱ ተንሸራተው ትራሴ ላይ አገኘኋቸው።

ልጆቼን ዋና ስለምወስድ ገንዳው ያስቸግረኝ ነበር፣ ክሎሪን ያደርቀዋል። አሁን ከመግባቴ በፊት ፀጉሬን በንጹህ ውሃ አርሼ ኮንዲሽነር እቀባለሁ። በንጹህ ውሃ የጠገበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይጠጣም። ስወጣ ወዲያው እታጠባለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ በማሞቂያው ቤቱ ሲደርቅ ፀጉሩ እየተነሣ ፊቴ ላይ ይለጠፍ ነበር። የላስቲኩን ሚዶ በእንጨት ቀየርኩና ቀነሰልኝ።

ናርዶስ፣ መርካቶ

እኔ ሻጭ ነኝ፣ ከሻጭ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ብራዚሊያን፣ ፔሩቪያን ስንላችሁ ፀጉሩ ከዚያ አገር መጣ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የዓይነቱ መጠሪያ ነው። 10ኤ፣ 12ኤ የሚባለው የጥራት ደረጃም ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱ ነው የሚጽፈው። ብዙው ፀጉር ከህንድና ከቻይና ነው። የቻይናዋ ሹቻንግ ከተማ በዚህ ሥራ ትታወቃለች። ህንድ ውስጥ ደግሞ ቲሩማላ በሚባለው ትልቅ ቤተ መቅደስ ምእመናን ለስለት ፀጉራቸውን ይላጫሉ። ቤተ መቅደሱ በጨረታ ይሸጠዋል። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ፀጉር ስነካ እጄ ይጠነቀቃል። የአንዲት ሴት ስለት ሊሆን ይችላል።

ስትገዙ ከጥቅሉ ሁለት ሦስት ፍሬ ጠይቁና አቃጥሉ። የሰው ፀጉር ላባ ሲቃጠል ያለው ሽታ ይሸታል፣ ሲነካ እንደ አመድ ይፈረፈራል። ላስቲክ የገባበት ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። ከዚያ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ አንሸራቱ፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር። ወደ ታች ልስልስ ብሎ ወደ ላይ ትንሽ ሻከር ካለ ቅርፊቱ አለ። በሁለቱም በኩል እንደ ዓሣ የሚያሟልጭ ከሆነ ጠርጥሩ። ይሄን አላሳይም የሚላችሁ ሻጭ ጋ ብራችሁን አታውጡ።

ሰናይት፣ አዳማ

ስለ ፀጉሩ ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ ራሳችን ልበል። 3 ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ አሰፋ ነበር። አንዱን አስፈትቼ በዚያው ቀን ሌላ። ግንባሬ ጋ ጠበቅ ካላለ አያምርም እል ነበር። በተሠራሁ ማታ ራሴን ያመኛል፣ መተኛት አልችልም፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ብጉር ይወጣል። ማስታገሻ ውጬ እተኛለሁ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ በግራና በቀኝ ከጆሮ ግንዴ በላይ ያለው ፀጉር ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄዶ አየሁት።

የቆዳ ሐኪም ጋ ስሄድ ትራክሽን አሎፔሺያ አለኝ። ፀጉር ለረጅም ጊዜ ሲጎተት የሚመጣ መመለጥ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም። የኔ የቀኙ ተመልሷል። የግራው እንደሳሳ ቀርቷል።

ሲሠሯችሁ ካመማችሁ "ላላ አድርጊልኝ" በሉ። አትፈሩ፣ የከፈላችሁበት ነው። አንዱን አስፈትታችሁ ሌላ እስክታሰፉ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ራሳችሁን አሳርፉት።

እትዬ ፋንቱ፣ 22 ማዞሪያ

ሰናይት የኔ ልጅ፣ ይሄን ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥሽ። እኔም በወጣትነቴ አጥብቄ የሠራኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ። አሁን ጠርዙን ለብቻው እተወዋለሁ፣ ሹሩባ ውስጥ አላስገባውም።

ቤዛ፣ አያት

እህቶቼ ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ። እሁድ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ሠራነው። እሷ ከላይ ጨብጣ ያዘችልኝ፣ እኔ በጣቴ ከፈትኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ኮንዲሽነሩ ግማሽ ጠርሙስ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር፣ ከዚያ መሃሉ ላይ አንዷ ክር ስትወጣ ሌላው ተከትሎ ፍስስ አለ። የተነቀለው በእፍኝ የማይሞላ ነው።

ጫፉን የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ 3 ኢንች አነሣችልኝ፣ አሁን 17 ነው። ካጠብኩት በኋላ በጥላ ሰቅዬ አሳደርኩት። ጠዋት ሞገዱ ተመልሷል! እጄን ከላይ እስከ ታች አሳለፍኩት፣ የትም አልያዘኝም። አለቀስኩ። እትዬ ፋንቱ፣ የሰርጌ ዕለት ባገኝዎት ደስ ባለኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እስከ ጥር አላደርገውም። የት ላስቀምጠው? እናቴ ከቬሎዬ ገበር የተረፈ ሳቲን አለ፣ ከረጢት ልስፋልሽ ትላለች።

እትዬ ፋንቱ፣ 22 ማዞሪያ

እሰይ ልጄ! እናትሽን ሳሚልኝ።

ሳቲን ጥሩ ነው። ከማስገባትሽ በፊት ግን ውስጡን፣ ስፌት ስፌቱን ነክተሽ መድረቁን አረጋግጪ። ትንሽ እርጥበት ካለ አንድ ቀን ጨምሪለት። ላላ ያለ አንድ ጉንጉን አድርጊውና ሳታጥፊ አስገቢው። ፌስታል ውስጥ አትዝጊበት፣ ይታፈናል። ቁም ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ወጥ ቤት አካባቢ አይሁን። ከሰርግሽ 5 ቀን በፊት አውጥተሽ አንዴ በኮንዲሽነር እጠቢው። ለሙሽራ ሠሪዋም ጫፉ አንዴ እንደተጎዳ ንገሪያት፣ ፒያስትራውን ከ160 እንዳታሳልፍ።

እና ለእናትሽ ንገሪያት፣ የከረጢቱ ስፌት ወደ ውጪ ይሁን። ወደ ውስጥ ከሆነ የጨርቁ ክር ፀጉሩን ይይዝበታል።

ቤዛ፣ አያት

አሁን ነገርኳት፣ መርፌውን ይዛ ነበር። ገልብጣ ልትሰፋው ነው።